አለን ቱሪንግ

አለን ማቲሰን ቱሪንግ (ሰኔ 16 ቀን 1904 ዓ.ም. – ግንቦት 30 ቀን 1946 ዓ.ም.) የእንግሊዝ የሒሳብ ሊቅ፣ የምስጢር ጽሑፍ ፈቺና ከኮምፒዩተር ሳይንስ መሥራቾች አንዱ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው ጁን 23 ቀን 1912፣ የሞተው ደግሞ ጁን 7 ቀን 1954 ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቱሪንግ በብዛት የሚታወቀው በስሙ በተጠራው «የቱሪንግ ማሽን»፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክቶች በመፍታቱና ማሽኖች ያስባሉ ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ በጻፈው ጽሑፍ ነው። በ1949 ያቀረበው ሦስት ገጽ ያህል የሚሆን አጭር ጽሑፍ ግን ብዙም አይታወቅም። ጽሑፉ አንድ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ሌላ ሰው እንዴት ሊያጣራው እንደሚችል ያስረዳል። ዛሬ በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ የተለመደው የኮድ ፍተሻ፣ በተለይም የማህደረ ትውስታ (ሜሞሪ) ስህተትን የሚያርም ኮድ ሲመረመር፣ የሚያነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ቱሪንግ የተወለደው ለንደን ውስጥ ማይዳ ቬል በተባለው ሰፈር ነው። አባቱ ጁሊየስ ቱሪንግ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ሕንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እናቱ ኤቴል ሣራ ስቶኒ ትባላለች። ወላጆቹ አብዛኛውን ጊዜ በሕንድ ስለሚቆዩ አለንና ታላቅ ወንድሙ ጆን በእንግሊዝ አገር በሌሎች ሰዎች ቤት አደጉ።

በ1926፣ በ13 ዓመቱ፣ ሸርቦርን ወደሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት በሚጀመርበት ጊዜ በመላ አገሪቱ የሥራ ማቆም አድማ ተመትቶ ባቡር ስላልነበረ፣ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ በብስክሌት ሄደ። በመንገድ ላይም አንድ ሌሊት አደረ። መምህራኑ በሒሳብ ችሎታው ቢደነቁም የእጅ ጽሑፉ ዝርክርክ እንደሆነና የደረሰበትን መልስ በሥርዓት እንደማያሳይ ያማርሩ ነበር። ሐሳቡን ለሌላ ሰው በሚገባ መንገድ ማቅረብ በኋላም ሲያስቸግረው ኖሯል።

በትምህርት ቤቱ የቅርብ ጓደኛው ክሪስቶፈር ሞርኮም ነበር። ሁለቱ ስለ ሳይንስ አብረው ያነብቡና ይወያዩ ነበር። ሞርኮም በፌብሩዋሪ 1930 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ቱሪንግ ከባድ ሐዘን ደረሰበት። በ1931 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ አጠና። በ1935፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ።

የቱሪንግ ማሽን

በ1936 ቱሪንግ ስለሚሰሉ ቁጥሮች የሚናገር ጽሑፍ አቀረበ። በዚህ ጽሑፍ በጣም ቀላል የሆነ ምናባዊ ማሽን ገለጸ። ማሽኑ በትንንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ረጅም ጥብጣብ አለው፤ በአንድ ጊዜ የአንዱን ሳጥን ምልክት ያነባል፣ ይጽፋል ወይም ይሰርዛል፣ ከዚያም ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል። ቱሪንግ እንዲህ ያለው ማሽን በሥርዓት ሊሰላ የሚችለውን ሁሉ ማስላት እንደሚችል ተከራከረ። የሌላውን ማንኛውንም ማሽን መመሪያ አንብቦ እንደዚያ ማሽን መሥራት የሚችል አንድ ሁለንተናዊ ማሽን እንዳለም አሳየ።

የጽሑፉ ዋና ውጤት ግን ስለ ስሌት ወሰን የሚናገረው ነው። ማንኛውንም ማሽን ተመልክቶ ወደፊት የሚያደርገውን ሁልጊዜ በትክክል የሚናገር አንድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። ይህ ለፕሮግራም አጣሪዎችም ትርጉም አለው። የትኛውም ፕሮግራም ቢሰጠው ትክክል ነው ወይስ ስህተት አለው ብሎ ሁልጊዜ የሚፈርድ መሣሪያ መሥራት ካልተቻለ፣ ፕሮግራሙ ለምን ትክክል እንደሆነ ምክንያቱን ማቅረብ የጸሐፊው ድርሻ ይሆናል።

ቱሪንግ ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በአሎንዞ ቸርች አማካሪነት ተማረ፤ በ1938 የዶክትሬት ማዕረግ አግኝቶ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ።

የጦርነቱ ዓመታት

እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ በሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ ቱሪንግ የምስጢር ጽሑፍ ፈቺዎች ወደሚሠሩበት ወደ ብሌችሊ ፓርክ ገባ። የጀርመን ጦር መልእክቶቹን የሚሰውረው «ኤኒግማ» በተባለ መሣሪያ ነበር። የፖላንድ የሒሳብ ሊቃውንት መሣሪያውን ከጦርነቱ በፊት መርምረው የደረሱበትን ውጤት ለእንግሊዞች አካፍለው ነበር። ቱሪንግ ከዚህ ተነስቶ «ቦምብ» የተባለውን ፈላጊ ማሽን ነደፈ፤ ጎርደን ዌልችማንም አሻሻለው። ማሽኑ በመልእክቱ ውስጥ ይኖራል ተብሎ ከተገመተ ቃል ይጀምራል፤ ከዚያም እርስ በርስ የሚጋጭ ውጤት የሚሰጡትን የኤኒግማ አቀማመጦች እያስወገደ ይሄዳል።

ቱሪንግ የጀርመን ባሕር ኃይልን መልእክቶች የሚፈታውን ክፍል መርቷል። በኦክቶበር 1941 እሱና ሦስት ባልደረቦቹ የሰው ኃይል እጥረት ሥራቸውን እንዳጓተተው ገልጸው በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ደብዳቤ ጻፉ፤ ቸርችልም የጠየቁት በአስቸኳይ እንዲሟላላቸው አዘዘ። ይህ ሥራ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በምስጢር ስለተያዘ፣ ቱሪንግ በሕይወት ሳለ ሕዝቡ ስለ አገልግሎቱ አላወቀም።

ከወረቀት ወደ ማሽን

ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ቱሪንግ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ «ኤስ» የተባለ ኮምፒዩተር ዝርዝር ንድፍ አዘጋጀ። በንድፉ መሠረት የማሽኑ ማህደረ ትውስታ ሜርኩሪ የተሞሉ ቱቦዎች ነበሩ፤ መረጃው የሚቆየው በቱቦዎቹ ውስጥ በሚመላለስ የድምፅ ሞገድ ነው። በዚሁ ንድፍ አንድ ፕሮግራም ወደ ንዑስ ፕሮግራም ሄዶ ሲጨርስ ወዴት እንደሚመለስ የሚያሳይ ማስታወሻ በማህደረ ትውስታ ውስጥ «የመቅበር»፣ ሲፈለግም ቆፍሮ «የማውጣት» ዘዴ አቅርቦ ነበር። የዛሬ ኮምፒዩተሮችም የመመለሻ አድራሻን የሚያስቀምጡት በተመሳሳይ አሠራር ነው። ይህ አድራሻ በስህተት ወይም በተንኮል ሲደመሰስ ፕሮግራሙ ጸሐፊው ወዳላሰበው ቦታ ይሄዳል፤ በኮምፒዩተር ላይ ከሚደርሱ ጥቃቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተፈጸሙ ናቸው።

የማሽኑ ግንባታ ስለተጓተተ ቱሪንግ ላቦራቶሪውን ትቶ በ1948 ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያ ፍሬድሪክ ዊሊያምስ፣ ቶም ኪልበርንና ጄፍ ቱትል የሠሩት ትንሽ ኮምፒዩተር በጁን 21 ቀን 1948 በማህደረ ትውስታው ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም አስኬዶ ነበር። ማህደረ ትውስታው እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሚይዙ 32 ቦታዎች ብቻ ነበሩት። ኋላ በዚያው ለተሠራው ትልቅ ማሽን ቱሪንግ የፕሮግራም አጻጻፍ መመሪያ አዘጋጀ።

የ1949ኙ ንግግር

በሜይ 1949 በሞሪስ ዊልክስ የሚመራው የካምብሪጅ ቡድን «ኤድሳክ» የተባለውን ኮምፒዩተር ሥራ አስጀመረ። በሚቀጥለው ወር በዚያ ስለ ፈጣን የስሌት ማሽኖች ጉባኤ ተደረገ። ዊልክስ በዚህ ጊዜ ገደማ ከቀረው ዕድሜው ብዙውን የራሱን ፕሮግራሞች ስህተት ሲፈልግ እንደሚያሳልፍ እንደተገለጠለት በኋላ በትዝታ መጽሐፉ ጽፏል። ማሽኖቹ ሥራ በጀመሩ ማግሥት ችግሩ ግልጽ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ቱሪንግ በጁን 24፣ 37 ዓመት በሞላው ማግስት፣ ረጅም ፕሮግራምን ስለ ማጣራት ንግግር አደረገ። ሥራውን ለሁለት ሰዎች ከፈለው፤ አንዱ ጸሐፊ ሌላው አጣሪ ነው። አጣሪው ፕሮግራሙን በሙሉ በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ እንዲመረምር መጠበቅ የለበትም። ጸሐፊው በፕሮግራሙ ልዩ ልዩ ቦታዎች ላይ እውነት መሆን ያለባቸውን ነገሮች በግልጽ ይጽፍለታል። አጣሪው እያንዳንዱን ለብቻው ይመረምራል፤ ሁሉም ትክክል ከሆኑ የፕሮግራሙ ትክክለኛነት ከእነሱ ይከተላል።

ይህን ለማስረዳት ቱሪንግ የተጠቀመው የተለመደውን መደመር ነው። ሐሳቡን በአነስተኛ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 478፣ 295 እና 386 ሲደመሩ 1159 ይሆናሉ። መልሱ ብቻ ከቀረበ አጣሪው ሥራውን ሁሉ ከመጀመሪያው መድገም አለበት። በየዓምዱ የተያዘው ቁጥር ከተጻፈለት ግን እንዲህ ይሆናል፦ በአንድ ቤት 19፣ 9 ተጽፎ 1 ይያዛል፤ በአሥር ቤት ከተያዘው 1 ጋር 25፣ 5 ተጽፎ 2 ይያዛል፤ በመቶ ቤት ከተያዘው 2 ጋር 11። አሁን እያንዳንዱን ዓምድ ለየብቻው፣ በፈለጉት ቅደም ተከተል ወይም ለተለያዩ ሰዎች አከፋፍሎ ማጣራት ይቻላል። የተያዙት ቁጥሮች በመጨረሻው መልስ ውስጥ አይታዩም፤ ለአጣሪው ግን ዋና መረጃዎቹ እነሱ ናቸው።

ቀጥሎም ቱሪንግ የማባዛት ትእዛዝ በሌለው ማሽን ላይ የአንድን ቁጥር ፋክቶሪያል በመደመር ብቻ የሚያሰላ ፕሮግራም አቀረበ። ከፕሮግራሙ የፍሰት ሥዕል ጋር አንድ ሠንጠረዥ አያይዞ ነበር። ሠንጠረዡ ፕሮግራሙ በሥዕሉ ላይ በእያንዳንዱ ነጥብ ሲደርስ ሥራ ላይ ያሉት አምስቱ የማህደረ ትውስታ ቦታዎች ምን መያዝ እንዳለባቸው ይናገራል። አጣሪው ከአንዱ ነጥብ ወደሚቀጥለው ያለውን አጭር መንገድ ብቻ ይመለከታል። በመነሻው የተባለው እውነት ከሆነ፣ በመካከል ያሉት ትእዛዞች ተፈጽመው በመድረሻው የተባለውም እውነት ይሆናል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

በመጨረሻም ፕሮግራሙ መቆሙ ለብቻው መረጋገጥ እንዳለበት ገለጸ። ለዚህም ጸሐፊው በየእርምጃው እየቀነሰ የሚሄድና ለዘላለም ሊቀንስ የማይችል መጠን ማሳየት አለበት።

ንግግሩ የተረሳበት ምክንያት

በዚያን ጊዜ በማንቸስተር ማሽን ላይ ቁጥሮች የሚጻፉት ከተለመደው በተቃራኒ፣ ትንሹ ቤት በግራ በኩል ሆኖ ነበር። ቱሪንግ በዚህ ስለለመደ በንግግሩ መካከል ምንም ማብራሪያ ሳይሰጥ በሰሌዳው ላይ ቁጥሮችን ወደ ኋላ ጻፈ። ዊልክስ በኋላ እንዳስታወሰው ቱሪንግ ለመቀለድ ወይም አድማጮቹን ለማሳነስ አስቦ አልነበረም፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር የሰውን መረዳት ልታደናቅፍ እንደምትችል አልታየውም እንጂ። የአጣሪን ሸክም ስለ ማቅለል የተደረገ ንግግር በራሱ ለአድማጮቹ ከባድ ሆነባቸው።

የታተመው የጉባኤ ዘገባም የፊደልና የምልክት ስህተቶች ስለነበሩበት ማረጋገጫውን መከታተል አስቸጋሪ ነበር። ኤፍ. ኤል. ሞሪስና ክሊፍ ጆንስ ስህተቶቹን አርመው ጽሑፉን እንደገና ያሳተሙት በ1984፣ ከ35 ዓመት በኋላ ነው።

በመካከሉ ሐሳቡን ሌሎች እንደገና ደረሱበት። ፒተር ናውር በ1966፣ ሮበርት ፍሎይድ በ1967፣ ቶኒ ሆር በ1969 የፕሮግራምን ትክክለኛነት በየነጥቡ በሚጻፉ ማረጋገጫዎች ስለ ማሳየት ጽሑፎች አሳተሙ። ሦስቱም በኋላ በኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት አገኙ፤ ይህ ሽልማት ከ1966 ጀምሮ የሚሰጠው በቱሪንግ ስም ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

በ1950 ቱሪንግ ማሽን ያስባል ወይ የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ መልስ አሰጣጥ ስለሚፈትነው ጨዋታ ያትታል የተባለውን ታዋቂ ጽሑፍ አወጣ። በ1951 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1952 ደግሞ በእንስሳትና በተክሎች አካል ላይ የሚታዩ ቅርጾች ከኬሚካሎች መስተጋብር እንዴት ሊፈጠሩ እንደሚችሉ በሒሳብ አብራራ።

በዚያው ዓመት ከወንድ ጋር በነበረው ግንኙነት ተከሰሰ፤ ይህ በጊዜው በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነበር። ከእስራትና ከሆርሞን ሕክምና እንዲመርጥ ተደርጎ ሕክምናውን መረጠ። የመንግሥት ምስጢር የሚያስገኝለትን ፈቃድም ተነጠቀ። በጁን 1954 ዊልምስሎ በሚገኘው ቤቱ በሳያናይድ መርዝ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 41 ነበር። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት ራሱን እንዳጠፋ ወሰነ፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን በአደጋ ሊሆን ይችላል ይላሉ።

በ2009 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቀ። በ2013 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ምሕረት ሰጡት። ከ2021 ጀምሮም ምስሉ በ50 ፓውንድ ብር ኖት ላይ ይገኛል።

ዘዴው በዛሬው የኮድ ፍተሻ

ቱሪንግ ይሠራባቸው የነበሩ ማሽኖች ጥቂት የማህደረ ትውስታ ቦታዎች ነበሯቸው። የዛሬው ተራ ስልክ በቢሊዮን የሚቆጠሩ አሉት። እንደ ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ጸሐፊው በእነዚህ ቦታዎች ላይ በአድራሻቸው በቀጥታ ያዝዛል። ከዚህ የሚመጡ ስህተቶች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ለአንድ መረጃ ከተመደበው ቦታ አልፎ ማንበብ ወይም መጻፍ ነው። ሁለተኛው ቦታው ከተለቀቀ በኋላ በአሮጌው አድራሻ መጠቀም ሲሆን፣ ቤቱን ለቆ ቁልፉን ሳይመልስ የቀረ ተከራይን ይመስላል፤ በሩን ሲከፍት ውስጥ የሚያገኘው የሌላ ሰው ንብረት ነው። በ2019 የማይክሮሶፍት ባለሙያዎች ኩባንያው በየዓመቱ ከሚያርማቸው የደኅንነት ክፍተቶች 70 በመቶ ያህሉ የማህደረ ትውስታ ስህተቶች መሆናቸውን ገልጸዋል።

በ2014 የታወቀው «ሃርትብሊድ» የተባለው ስህተት ጥሩ ምሳሌ ነው። ስህተቱ የነበረው ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው፣ በኢንተርኔት ላይ ግንኙነትን በሚሰውር ሶፍትዌር ውስጥ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ሌላው መኖሩን ለማረጋገጥ አጭር መልእክትና የመልእክቱን ርዝመት ይልካል፤ ተቀባዩም ያንኑ መልእክት ይመልሳል። ፕሮግራሙ ግን ላኪው የተናገረውን ርዝመት ከደረሰው መልእክት ጋር ሳያስተያይ ያምን ነበር። አንድ ፊደል ልኮ ርዝመቱ 64 ኪሎባይት ነው ያለ ሰው፣ ከፊደሉ በኋላ በማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለው የሌሎች ሰዎች የይለፍ ቃልና ምስጢር ጭምር ይላክለት ነበር። ይህ ኮድ መጀመሪያ ሲገባ በሌላ ሰው ተመርምሮ ነበር፤ ስህተቱ ግን ሳይታይ አለፈ።

እርማቱ ጥቂት መስመሮች ነው። ላኪው በተናገረው ርዝመት ላይ መልእክቱ የግድ የሚይዛቸው ሌሎች ባይቶች ተደምረው ከደረሰው በላይ ከሆኑ መልእክቱ ይጣላል። እንዲህ ያለውን እርማት ለአጣሪ ሲያቀርቡ ፍተሻ ተጨምሯል ብሎ ማለፍ፣ የመደመሩን መልስ ብቻ ጽፎ የተያዙትን ቁጥሮች እንደ መደበቅ ነው። በቱሪንግ መንገድ የሚቀርብ ማብራሪያ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። የመጀመሪያው ቅጂው በሚጀምርበት ነጥብ እውነት መሆን ያለበት ነገር ነው፦ የሚቀዳው መጠን ከደረሰው መልእክት አይበልጥም። ሁለተኛው ይህ የሚፈርስበት መንገድ ነው፦ ርዝመቱ ከማይታወቅ ላኪ ተነብቦ በቀጥታ ለቅጂው ይውላል። ሦስተኛው ከእርማቱ በኋላ ለምን እንደማይፈርስ ነው፦ ወደ ቅጂው የሚወስደው መንገድ ሁሉ በፍተሻው ያልፋል፤ ከፍተሻው እስከ ቅጂው ድረስም ርዝመቱን የሚለውጥ ትእዛዝ የለም።

እንዲህ የተጻፈ ማብራሪያ አጣሪው ሊያስተባብለው የሚችል ነገር ይሰጠዋል። በሌላ መንገድ ወደ ቅጂው መድረስ ይቻል እንደሆነ ይፈልጋል፤ ተመሳሳይ ኮድ ሌላ ቦታ እንዳለም ይጠይቃል። በሃርትብሊድ ጉዳይ ይህ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ስህተቱ በሶፍትዌሩ ሁለት ቦታዎች ላይ ስለነበረ እርማቱም በሁለቱም ላይ መግባት ነበረበት። ከተለቀቀ ቦታ ጋር ለተያያዙ ስህተቶች የሚጻፈው ማረጋገጫ ደግሞ ቦታውን ማን እንደያዘው፣ እስከ መቼም እንደሚቆይ የሚናገር ነው።

በ2015 የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው ረስት የተባለው ቋንቋ ከእነዚህ ማረጋገጫዎች ብዙዎቹን ራሱ ይመረምራል። ሊመረምራቸው በማይችላቸው ክፍሎች ላይ ግን ጸሐፊው ኮዱ ለምን አስተማማኝ እንደሆነ በማስታወሻ እንዲያስረዳ የጠበቀ ልማድ አለ። አጣሪው ያንን ማስታወሻ ከኮዱ ጋር አስተያይቶ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ቱሪንግ በ1949 ለጸሐፊና ለአጣሪ ያከፋፈለው ሥራ በዚህ መልክ ዛሬም በየቀኑ ይሠራበታል።